ማኖቬላና ሞተሪኖ



ጧት ወደ መሥሪያ ቤትዎ ለመድረስ ሰዓቱ ሲያጣድፍዎ፣ በአሮጌው አውቶሞቢልዎ ውስጥ ተቀምጠው ቁልፉን ቢያዞሩ፣ ከወደ ሞተሩ «ቀጭ» ከሚል አንድ ድምፅ በቀር ምንም የማይሰማ ሲሆን፣ በዚያች ደቂቃ ለታሪክ ትምህርት የሚሆን ትዕግሥት እንደማይኖርዎ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ያ ዝም ያለው ትንሽ ሞተር፣ መካኒኮቻችን ከጣልያንኛው ወስደው ሞተሪኖ የሚሉት መሣሪያ፣ አፈጣጠሩን ለሚያውቅ ሰው የሕመሙን ምክንያት ጭምር የሚናገር ነው። ብዙ ሰው ሞተሪኖው ዝም ባለ ጊዜ «ሞተ» ብሎ ይፈርድበትና አስወልቆ ይጥለዋል። ፍርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የችኰላ ፍርድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህ መሣሪያ ከምን ችግር እንደ ተወለደ፣ ቢታመምም እንዴት እንደሚታከም ጥቂት ልናገር አስቤአለሁ። የማነሣቸው ዘመናት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ማስታወስ የሚገባን፣ የቤንዚን ሞተር ከቆመበት በራሱ ኀይል ሊነሣ የማይችል መሆኑን ነው። የእንፋሎት ሞተር እሳቱ ነድዶ ውሃው ከፈላ በኋላ መንገዱ ሲከፈትለት ይንቀሳቀሳል። የቤንዚን ሞተር ግን አስቀድሞ ሌላ ኀይል አዙሮት፣ አየሩንና ቤንዚኑን ስቦ፣ የሳበውንም ጨምቆ፣ ካንዴላው ብልጭ ካላለለት አይነሣም። ያ ሌላ ኀይል ለብዙ ዘመን የሰው ክንድ ነበር። ነጂው ከመኪናው ፊት ቆሞ፣ ማኖቬላ የተባለውን የታጠፈ ብረት በቀዳዳው አግብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ ይስበዋል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌ የተባለችውን መኪና ለዐፄ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ በዚህ ከተማ የመጀመሪያው የሞተር ድምፅ የተሰማው በዚሁ ዐይነት የሰው ክንድ ደክሞበት ነው።

ይህ ሥራ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አያማርርም ነበር። ክፋቱ ሞተሩ አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ የሚመታ መሆኑ ነው። በዚያን ዘመን ነጂው ብልጭታው የሚመጣበትን ጊዜ በእጁ ያስተካክል ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ብልጭታውን ማዘግየት፣ ሲሮጥ ማፍጠን የእርሱ ፈንታ ነበር። ማዘግየቱን ከረሳ፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሳይጨርስ ቤንዚኑ ይነድና ወደ ታች ይገፋዋል። ዘንጉ በተቃራኒው ይዞራል፤ ማኖቬላውም እንደ በቅሎ ርግጫ ተመልሶ የያዘውን ሰው ይመታል። ስለዚህ አዋቂዎች አውራ ጣት ከቀሩት ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን፣ ብረቱንም አይክበብ፣ እየተገፋ ሳይሆን ወደ ላይ እየተሳበ ይዙር ብለው ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱን ያልሰማ ክንዱ ይሰበራል። ከአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፉ ከእጅ አንጓ ላይ ሲሰበር ሐኪሞች እስከ ዛሬ «የሹፌር ስብራት» ይሉታል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። በነገራችን ላይ ሹፌር የሚለው የፈረንሳይ ቃል መጀመሪያ እሳት አንዳጅ ማለት ነበር። የእንፋሎቱን ማሞቂያ የሚያነድደው ሰው ስም ወደ ነጂው ተላልፎ፣ ከዚያም ወደ እኛ ደረሰ።

ሞተሪኖው ስለ ተፈጠረበት ምክንያት በብዙ መጻሕፍት የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ባይሮን ካርተር የሚባል የመኪና ሠሪ በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ አጠገብ፣ መኪናዋ ለቆመችባት አንዲት ሴት ማኖቬላውን ሊያዞርላት ሲል ብረቱ ተመልሶ መንጋጋውን ሰበረውና በዚያው ጠንቅ ሞተ፤ ወዳጁ የነበረው የካዲላክ ፋብሪካ አለቃ ሄንሪ ሌላንድም ከእንግዲህ ወዲህ የእኔ መኪና ሰው አይገድልም ብሎ ማለ ይባላል። ታሪኩ ልብ የሚነካ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ጸሐፊዎች አደጋውን በ1910 ሲያደርጉት፣ ካርተር ያረፈው በ1908 በሳንባ ምች ነው። ስለዚህ እንዳለ ከመቀበል ይልቅ በጥንቃቄ መስማት ይሻላል። ሌላንድ ማኖቬላውን ለማስወገድ ቆርጦ መነሣቱ ግን እውነት ነው።

ሐሳቡ ለሌሎችም ታይቷቸው ነበር። በእንግሊዝ አገር ዳውሲንግ የሚባል ሰው በ1896 በአንዲት አርኖልድ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሞክሯል። ሌሎች በታመቀ አየር፣ ሌሎች በተጠመዘዘ ሞላ፣ ሌሎችም አሴቲሊን በተባለው ጋዝ ሞተሩን ለማስነሣት ደክመዋል። በኤሌክትሪክ ማስነሣት አይቻልም የሚሉት መሐንዲሶች ሒሳባቸው ቀላል ነበር። ያን ከባድ ሞተር ለማዞር የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር ቢሠራ፣ እርሱና ባትሪው መኪናውን ይሞሉታል እንጂ ለተሳፋሪ ቦታ አይተውም ይሉ ነበር።

ይህን ሒሳብ ያፈረሰው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። በኦሃዮ ግዛት በ1876 የተወለደው ይህ ሰው፣ በዴይተን ከተማ የገንዘብ መቀበያ መኪና በሚሠራው ትልቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሳለ፣ ሻጩ በእጁ ያዞረው የነበረውን መኪና በኤሌክትሪክ እንዲዞር አድርጎ ነበር። ለዚያም ትንሽ ሞተር በቃው። ምክንያቱም የገንዘቡ ሣጥን በተከፈተ ቍጥር ሞተሩ የሚደክመው ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ከዚያ ያርፋል። በ1909 ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር ሆኖ፣ በኋላ ዴልኮ የተባለውን ድርጅት በዲድስ ጎተራ ውስጥ ሲጀምር፣ ይህንኑ ትምህርት ወደ አውቶሞቢል አመጣው። የኤሌክትሪክ ሞተርን የሚያቃጥለው ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ለመጠራቀም ጊዜ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሞተር የተወሰነው ልክ፣ ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ለሚሠራ ሞተር አይጸናበትም። ስለዚህ ትንሹን ሞተር ከዐቅሙ በላይ እናስጨንቀው፤ ከመጋሉ በፊት ግን እናሳርፈው ብሎ አሰበ።

አንባቢዬ ይህን ውል ልብ ይበሉልኝ። ሞተሪኖ ኀይሉን ያገኘው በዕረፍቱ ነው። ከዚህ በታች ስለ ሕመሙ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የኬተሪንግ ሥራ በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ተተክሎ ለገበያ ወጣ። አንዱ መሣሪያ ሞተሩን ያስነሣል፤ ሞተሩም ከተነሣ በኋላ ያው መሣሪያ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ስለዚህ ሥራ ካዲላክ በእንግሊዝ የሚሰጠውን የዲዋር ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ አገኘ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘበትም ምክንያት ከዛሬው ነገራችን ጋር ዝምድና አለው። በ1908 ሦስት ካዲላኮች በብሩክላንድስ ሜዳ ብሎናቸው ሳይቀር ተፈታትተው፣ ዕቃቸው ተደባልቆ፣ ከተደባለቀው ዕቃ እንደ ገና ሦስት መኪኖች ተገጥመው 500 ማይል ያለ እንከን ሮጡ። ከዚያ በፊት አንድ ዕቃ ሲሰበር ሠራተኛው በሞረድ እየሞረደ ለዚያች መኪና ብቻ የሚስማማ ሌላ ይሠራላት ነበር። ዛሬ ሶማሌ ተራ ሄደን የመኪናውን ስምና ዘመን ነግረን መለዋወጫ የምንገዛው እንዲህ ያለው አሠራር በዓለም ስለ ተስፋፋ ነው።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ቶሎ ተስፋፋ። ቪንሰንት ቤንዲክስ የፈለሰፈው፣ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው መሣሪያ ከ1914 ጀምሮ በሸቭሮሌ ላይ ዋለ። ይህ መሣሪያ ሞተሪኖው ሲዞር ፒኞን የተባለችውን ትንሽ ጥርሳም ብረት በጥምዝ ዘንግ ላይ አንሸራትቶ ከቮላኖው ጥርሶች ጋር ያገናኛታል፤ ሞተሩ ሲነሣም መልሶ ያስፈነጥራታል። ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራችው የፎርድ ቲ መኪና እንኳ በ1919 የኤሌክትሪክ ማስነሻ አገኘች። ማኖቬላው ግን ወዲያው አልጠፋም። ባትሪው ለደከመ ቀን እየተባለ ከወንበር ሥር ብዙ ዘመን ኖሯል።

አሁን ወደ እርስዎ መኪና እንመለስ። በከተማችን ዛሬም የሚሮጡት ቮልስዋገኖች፣ ፊያቶችና ላንድሮቨሮች የተሸከሙት ሞተሪኖ ከኬተሪንግ አሳብ እምብዛም አልራቀም። ውስጡ ሁለት የመዳብ ጥቅል አለው። አንዱ በቤቱ ግድግዳ ላይ ይቆማል፤ ሌላው በመካከል ይሽከረከራል። ኤሌክትሪኩ ሁለቱንም በተራ ያልፋቸዋል። ስለዚህ ሞተሪኖው ገና ሳይዞር፣ በቆመበት ሳለ፣ ከሁሉ የበለጠ ጉልበት ይኖረዋል። ጉልበቱን ለማግኘት ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል። በተለይ በ6 ቮልት የሚሠሩት አሮጌ መኪኖች ለተመሳሳይ ኀይል ከ12 ቮልቱ እጥፍ አምፔር ይፈልጋሉ። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በቍጥር ልንገርዎ። በገመዱና በማያያዣው ላይ በዝገት ምክንያት ከአንድ ኦም አምስት ሺሕኛ የምታህል እንቅፋት ብትኖር፣ 200 አምፔር ሲያልፍባት 1 ቮልት ትበላለች። ከ6 ቮልት ላይ አንድ ስድስተኛው ጠፋ ማለት ነው። በ12 ቮልት መኪና፣ በ100 አምፔር፣ የምትበላው ግማሽ ቮልት፣ ማለት ከሃያ አራት እጅ አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ በአሮጌ መኪና ላይ ሞተሪኖው ደከመ ከተባለበት ጊዜ ስንቱ ጊዜ የደከመው ገመዱ እንደ ሆነ ይገምቱ።

ስለዚህ ብሎን ከመፍታትዎ በፊት መብራቱን ያብሩና ቁልፉን ያዙሩ። መብራቱ ጭልም ካለ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው እየሄደ ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የባትሪው ራስ በነጭ ዱቄት ተሸፍኗል፣ ወይም ሞተሪኖው በውስጡ ተጣብቋል። መብራቱ ምንም ሳይነካ ዝም ካለ፣ መንገዱ አንድ ቦታ ተቋርጧል፤ ቁልፉ ራሱ፣ ወይም ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው ሶሌኖይድ፣ ወይም ያለቁ ካርቦኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ሞተሪኖው ራሱ እየጮኸ ቢዞር፣ ዋናው ሞተር ግን ንቅንቅ ባይል፣ ጥፋቱ ከፒኞኗ ዘንድ ነው። ጥርስ ሲፋጭ ከተሰማ ደግሞ የቮላኖው ጥርስ ተበልቷል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሚጠፋበት ጊዜ የሚቆመው ከሁለት ቦታዎች በአንዱ ላይ ነውና፣ ጥርሱም የሚበላው በእነዚያ በሁለቱ ቦታዎች ነው። መኪናውን ማርሽ ውስጥ አስገብተው፣ ቁልፉን ዘግተው፣ ጥቂት ቢገፉት የሚነሣበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ያልተበላው ጥርስ ተራ ደረሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሶሌኖይዱ እንቢ ሲል በካቻቢቴ ሁለቱን ራሶች አገናኝቶ ሞተሩን ማስነሣት በጋራዥም በመንገድም የተለመደ ሆኗል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ከቀረ፣ ሞተሪኖው ቮላኖውን ብቻ ሳይሆን መኪናውን ጭምር ይነዳል፤ ሞተሩም በዚያው ይነሣና በላዩ ጎንበስ ያለውን ወይም ከሥሩ የተኛውን ሰው ይሄድበታል። ይህ መሣሪያ የተፈጠረው ሰው ከመኪናው ፊት ከመቆም እንዲድን ነበር። መልሶ ከፊቱ ማቆም ከማኖቬላው ዘመን የባሰ ነው፤ ማኖቬላው ክንድ ይሰብራል፣ ይህ ግን ሰው ይገድላል።

ሞተሪኖው መውረዱ ግድ ከሆነ፣ አስቀድሞ የባትሪው ማሳ ይፈታል። ከወረደ በኋላ የሚገኘው በሽታ ብዙውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። ካርቦኖቹ አልቀው አጥረዋል፤ ወይም የሚነኩት የመዳብ ቀለበት ጠቁሯል፤ ወይም ዘንጉን የሚሸከሙት የነሐስ ቡሺንጎች ሰፍተው የሚሽከረከረው ጥቅል ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፤ ወይም ቤንዲክሱ በአቧራና በቅባት ታስሯል። አንዳቸውም ቢሆኑ ሞተሪኖውን ለመጣል አያበቁም። የጠቆረው ቀለበት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይወለወላል። ኤሜሪ የተባለው ጥቁሩ ወረቀት ግን ክልክል ነው፤ ብናኙ በመዳቡ መካከል ገብቶ ኤሌክትሪክ ያሻግራልና። በእንግሊዝ መኪኖች ላይ ለሚገኘው ለሉካስ ሞተሪኖ የተጻፈው መመሪያ፣ በመዳቡ ክፍሎች መካከል ያለው መለያ እንዳይቦረቦር ያዝዛል። በዲናሞ ላይ መለያውን ዝቅ ማድረግ የለመደ ሠራተኛ ይህን ባለማወቅ ሞተሪኖውን ያበላሻል። አዲሱ የነሐስ ቡሺንግም ከመግባቱ በፊት በንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ 24 ሰዓት መንከር አለበት፤ ነሐሱ ስፖንጅ መሰል ስለ ሆነ ዘይቱን ጠጥቶ ለዕድሜው ሁሉ ይይዘዋል። መካኒኩ አሁኑኑ ልግጠመው ቢልዎ እስከ ነገ ልጠብቅ ይበሉት። ቤንዲክሱ ግን ተቃራኒው ነው። በነጭ ጋዝ ታጥቦ ይደርቃል እንጂ ቅባት አይነካውም፤ ቅባት ከቮላኖው የሚበተነውን አቧራ ይሰበስባል። ታስሮ ያገኙት ቤንዲክስ፣ አስቀድሞ አንድ ደግ ሰው ግሪስ የቀባው ሊሆን ይችላል።

የቮልስዋገን ባለቤት ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በዚህ መኪና የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት ቡሺንግ የሚገኘው በሞተሪኖው ላይ ሳይሆን በካምቢዮው ቤት ውስጥ ነው። ሞተሪኖው ወጥቶ አዲስ ገብቶ፣ ያ ሳንቲም የማታህል ነሐስ ግን ሳትለወጥ ቀርታ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ሲያቃስት ብዙ ሰው «የገዛሁት አስመስሎ የተሠራ ነው» እያለ ነጋዴውን ይረግማል። መኪናው ሲግል ብቻ እንቢ የሚል ከሆነም፣ ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው ድረስ የሚሄደው ረጅም ቀጭን ሽቦ ሶሌኖይዱን የሚያስቆጣ ኤሌክትሪክ ስለማያደርስ ይሆናል። በመካከሉ አንድ ሬሌ ማስገባት ከአዲስ ሞተሪኖ እጅግ ይረክሳል።

መለወጡ የማይቀርበት ጊዜም አለ። ጥቅሉ ተቃጥሎ የቫርኒሹ ሽታ ከመጣ፣ ያንን የሚጠቀልል ባለሞያ ካልተገኘ፣ ሌላ መግዛት ነው። ጥቅሉ የሚቃጠለውም ቀደም ሲል ያልሁት ውል ሲፈርስ ነው፤ ማለት፣ ሞተሩ አልነሣ ያለበትን እውነተኛ ምክንያት ትቶ ቁልፉን ይዞ ያለ ዕረፍት ማስጮህ ሲበዛ ነው። ዐሥር ሰኮንድ ካዞሩ ግማሽ ደቂቃ ያሳርፉት። የዛሬዎቹ ትናንሽ ሞተሪኖዎች በውስጣቸው ማርሽ ያላቸው በመሆናቸው ቀላልና ብርቱ ናቸው፤ መኪናውን በየቀኑ ለሚነዳ ሰው እነዚህን ማስገባት ነውር ነው አልልም። ሲለውጡ ግን ስሙን ብቻ አይተው አይግዙ። ቮልስዋገን ለብዙ ዘመን በ6 ቮልት ሲሠራ ኖሮ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ 12 ቮልት ሲሻገር ቮላኖውም አብሮ ተለውጧል። የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው። የአንዱን ሞተሪኖ በሌላው ላይ የሚገጥም ሰው ጥርስ ያስበላል እንጂ ሞተር አያስነሣም። የወረደውን አሮጌ ሞተሪኖ ደግሞ ለብረት ሻጭ አይስጡት። በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ለዚያች መኪና በልክዋ የተሠራው እርሱ ነው።

ይህን ማሳሰቤ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሎ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ብቻ እንዲገቡ ተወስኗል። ኬተሪንግ ሥራውን በጀመረበት ዘመን በአሜሪካ ከተሞች የኤሌክትሪክ መኪና ጥቂት አልነበረም። ማኖቬላ ስለማያስፈልገው በተለይ ሴቶች ይመርጡት ነበር፤ ሻጮቹም ለእነርሱ ያስተዋውቁት ነበር። ያን መኪና ከገበያ ካስወጡት ምክንያቶች አንዱ የቤንዚኑን መኪና ያለ ክንድ ጉልበት ያስነሣው ይኸው ሞተሪኖ ነው። ዛሬ የኤሌክትሪኩ መኪና ተመልሶ መጥቷል፤ እርሱም ሞተሪኖ የለውም። ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ደባልቀው ከሚሠሩት መኪኖችም፣ በ1997 እንደ ወጣው እንደ ቶዮታ ፕሪየስ ያሉት፣ የተለየ ሞተሪኖ የላቸውም። አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ሞተሩን ያስነሣል፤ ከተነሣም በኋላ መልሶ ባትሪውን ይሞላል። የ1912ቱ ካዲላክ የነበረውም እንዲሁ ነበር።